ተጨማሪ መረጃ፦ ለወደቀ ቅርንጫፍ የትኛው መሣሪያ ይሻላል?

ነፋስ የጣለውን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ለማገዶ ለማዘጋጀት ገጀራ፣ መጥረቢያና መጋዝ እንጠቀማለን። ገጀራ ስለቱ ቀጭን፣ ክብደቱም ቀላል ስለሆነ ቅጠሉንና ጭራሮውን ለመመልመል ይመቻል። ወፍራም እንጨት ሲያጋጥመው ግን ይነጥራል ወይም ተሰንቅሮ ይቀራል።

መጥረቢያ በአሠራሩ ሽብልቅ ነው። ከላይ ሲወርድ ጉልበቱ ሁሉ በጠባቡ ስለት ላይ ያርፋል፤ እየወፈሩ የሚሄዱት ጎኖቹ ደግሞ እንጨቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፉታል። የእንጨት ክሮች የተደረደሩት በቁመቱ ነው። ስለዚህ ጉማጁን አቁመን ጫፉን ብንመታው ክሮቹ እርስ በርስ ተላቀው በቀላሉ ይፈለጣል። አጋድመን ብንመታው ግን ክሮቹን አንድ በአንድ መበጠስ ይኖርብናል፤ ክንድ ይዝላል፣ ስንጥሩም በየአቅጣጫው ይፈናጠራል።

ለአግድም ቆረጣ መጋዝን የሚያህል የለም። ጥርሶቹን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ፦ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ ዘንበል ብለዋል። በዚህ የተነሳ የሚከፍቱት መስመር ከመጋዙ ውፍረት ይሰፋል፤ መጋዙም አይያዝም። የዛፍ መጋዝ ጥርሶች ትልልቅና የተራራቁ የሆኑት እርጥቡን ብናኝ ጠርገው እንዲያወጡ ነው።

እንግዲህ የሚሻለው በገጀራ መልምሎ፣ በመጋዝ ቆርጦ፣ በመጥረቢያ መፍለጥ ነው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚጠጥር እርጥብ ሳለ ቢፈለጥ ይቀላል። መጥረቢያ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ብረቱ በዛቢያው ላይ መጥበቁን አረጋግጡ፤ በአጠገባችሁ ሰው እንዳይቆምም ተጠንቀቁ።