ልምምዱ ጨዋታውን ካልመሰለ ዋጋው ሜዳ ላይ ይከፈላል

እ.ኤ.አ በ2013 በደቡብ አፍሪካ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ መድረኩ የተመለሱት ዋልያዎቹ የመጀመሪያ ግጥሚያቸውን ያደረጉት ከወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ጋር ነበር። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ። ቡድኑ ግን በ10 ሰው ታግሎ በአዳነ ግርማ ጎል 1ለ1 ተለያየ። ከአራት ቀን በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ቡርኪና ፋሶ 1ለ0 እየመራች ሳለ በተራዋ ግብ ጠባቂዋን በቀይ ካርድ አጣች። በ10 ሰው የቀረው ቡድን ሌላ 3 ጎል ጨምሮ 4ለ0 አሸነፈ።

በአንድ ሰው መብለጥ በራሱ ጎል አያገባም። ሰው የጎደለበት ቡድን ወደ ኋላ ይሰበሰብና መሀሉን ይዘጋል። የሚመራው ባለ 11 ቡድን ደግሞ ቸኩሎ ይወጣል፤ ጀርባው ክፍት ይሆናል። አንድ ኳስ ከተነጠቀ መልሶ ማጥቃቱ አይቀርም። እንዲህ ያለው ሁኔታ በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። ታዲያ ስንት አሰልጣኝ ነው በልምምድ ሜዳ የሚያዘጋጅበት?

በብዙ ሜዳዎች የሚታየው ልምምድ የታወቀ ነው። ዙር መሮጥ፣ በኮኖች መሀል ኳስ መንዳት፣ ተሰልፎ ወደ ጎል መምታት፣ በመጨረሻ ለሁለት ተከፍሎ መጫወት። ችግሩ ኮን እግር አያስገባም። ተሰልፎ የሚመታ አጥቂ ተከላካይ አይጎትተውም፣ ለማን ላቀብል ብሎም አይጨነቅም። ጨዋታ ላይ ግን ከእያንዳንዱ ንክኪ በፊት ውሳኔ አለ። ውሳኔ የሌለበት ልምምድ እግርን እንጂ ጭንቅላትን አያሰለጥንም።

በዚህ ረገድ በፖርቱጋል የፖርቶ ዩኒቨርሲቲ መምህሩ ቪቶር ፍራድ የቀመሩት «ታክቲካል ፔሪዮዳይዜሽን» የተባለው ዘዴ ስሙ ገኗል። ሀሳቡ ቀላል ነው፤ ጉልበት፣ ቴክኒክና ታክቲክ ተለያይተው አይሰለጥኑም፤ ሁሉም ቡድኑ ሊጫወት በሚፈልገው አጨዋወት ውስጥ አብረው ይሰራሉ። ከዘዴው ጋር ስሙ አብሮ የሚነሳው ጆዜ ሞሪንሆ ፖርቶን ይዞ በ2003 የዩኤፋ ዋንጫን፣ በ2004 ደግሞ የሻምፒዮንስ ሊግን ወስዷል።

የቦታ ስፋትም መታሰብ አለበት። 105 በ68 ሜትር በሆነ ሜዳ ላይ ለ22 ተጫዋች ሲካፈል ለእያንዳንዱ ወደ 324 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል። 5ለ5 በ20 በ20 ሜትር ሲጫወቱ ግን ድርሻቸው 40 ብቻ ነው። ጠባቡ ሜዳ በጫና ውስጥ ኳስ መቆጣጠርንና ፈጣን ቅብብልን ያስተምራል። መሀል ባልገባም ጥቅሙ ይኸው ነው። ነገር ግን ከተከላካይ ጀርባ መሮጥን፣ ኦፍሳይድን ማምለጥን ወይም ጥቃትን ከግራ ወደ ቀኝ ማዞርን አያስተምርም። አሰልጣኙ ስፋቱን መምረጥ ያለበት ከሚያስተምረው ነገር ተነስቶ ነው።

«ሜዳ የለን፣ ኳስ የለን» የሚለው ቅሬታ እውነት አለው። ሆኖም በግማሽ ሜዳና በ18 ተጫዋች ብዙ ይሰራል። የ11ለ10 ሁኔታን እንውሰድ። 9 ተጫዋቾች ትልቁን ጎል ያጠቃሉ፤ 8ቱና ግብ ጠባቂው ይከላከላሉ። መሀል መስመሩ ላይ፣ ግራና ቀኝ በድንጋይም ቢሆን ሁለት ትንንሽ ጎሎች ይሰራሉ። ተከላካዮቹ ኳስ ከነጠቁ እዚያ ያገባሉ። ውጤቱ ከመነሻው 1ለ0 ነው፤ የሚመራውም ሰው የጎደለበት ቡድን ነው። ቀሪው ሰዓት 8 ደቂቃ ነው ተብሎ ይጀመራል። ኦፍሳይዱ፣ የእጅ ውርወራው፣ የማዕዘን ምቱ ሁሉ እንደ ጨዋታው ይከበራል፤ ረዳት አሰልጣኙ ይዳኛል። ሶስት ጊዜ እየተፈራረቁ ቢጫወቱ 24 ደቂቃ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ አሰልጣኞች የሚቸገሩት ፊሽካውን መያዝ ነው። በየስህተቱ ጨዋታው ከቆመ ልጆቹ ራሳቸው መፍትሄ መፈለግ ያቆማሉ። የተሻለው ዙሩን ማስጨረስና በእረፍቱ መጠየቅ ነው። «ትርፉ ሰው የቱ ጋ ነበር? ኳስ ስናጠቃ ከኋላ ስንት ሰው ቀረ?» መልሱን ተጫዋቾቹ ራሳቸው ካገኙት በሚቀጥለው ዙር ይታያል።

ይህ ማለት ሩጫም ሆነ ተደጋጋሚ ምት ይቅር ማለት አይደለም። ከጉዳት የሚመለስ ልጅ ለብቻው መሮጡ፣ ጀማሪ ታዳጊም ኳስ አመታትን ያለ ተከላካይ መድገሙ ተገቢ ነው። ነገር ግን የልምምዱ ዋና ክፍል ተጋጣሚ፣ ጎል፣ ህግና ሰዓት ሊኖረው ይገባል። አሰልጣኙ የእለቱን እቅድ ይዞ ወደ ሜዳ ከመውጣቱ በፊት ራሱን አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ይበቃዋል፤ «ዛሬ የማሰራው ነገር እሁድ ጨዋታ ላይ የቱ ጋ ይመጣል?» መልስ ያጣለትን ከእቅዱ ያውጣው።