የኪኔሲን ጂኖች አሰያየም

ኪኔሲን በህዋስ ውስጥ ጭነት ተሸክመው የሚጓዙ የሞተር ፕሮቲኖች ወገን ነው። የኪኔሲን ጂኖች አሰያየም ደግሞ እነዚህን ፕሮቲኖችና የሚሠሩባቸውን ጂኖች (በራሂዎች) በዝምድናቸው መድቦ በአንድ ወጥ ስም ለመጥራት የወጣ ደንብ ነው። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2004 «ጆርናል ኦፍ ሴል ባዮሎጂ» በተባለው መጽሔት ታተመ። ኪኔሲኖችንም ከኪኔሲን-1 እስከ ኪኔሲን-14 በ14 ቤተሰቦች ይከፍላል።

የሞተር ፕሮቲኖች ምንነት

የሞተር ፕሮቲን ኤቲፒ ከተባለው ሞለኪውል የሚያገኘውን ኃይል ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጥ ፕሮቲን ነው። ሦስት ዋና ዋና ወገኖች አሉ። ማዮሲን በአክቲን ክር ላይ ይሄዳል፤ ጡንቻ የሚኮማተረውም በእሱ ነው። ኪኔሲንና ዳይኒን ግን ማይክሮቱቡል በተባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ላይ ይጓዛሉ። ኪኔሲን-1 በአንድ እርምጃ 8 ናኖሜትር ይራመዳል፤ ለእያንዳንዱ እርምጃም አንድ ኤቲፒ ያቃጥላል። ከአከርካሪ እስከ እግር ጣት የሚደርስ የነርቭ ህዋስ አንድ ሜትር ያህል ሊረዝም ስለሚችል፣ ያለ እንዲህ ዓይነት ማጓጓዣ ጫፉ ላይ የሚያስፈልገውን አያገኝም።

ኪኔሲን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1985 ሮናልድ ቬል፣ ቶማስ ሪስና ማይክል ሺትዝ ስኩዊድ በተባለው የባሕር እንስሳ ነርቭ ላይ ባደረጉት ጥናት ነው። ስሙ «መንቀሳቀስ» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው።

የስም መደበላለቅ

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ብዙ ኪኔሲኖች በየላቦራቶሪው ተገኙ። እያንዳንዱ ቡድን ላገኘው ጂን እንደየልማዱ ስም አወጣለት። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ዛሬ ኪኔሲን-5 የሚባለው ቤተሰብ ነው። አባላቱ በሚከተሉት ስሞች ይታወቁ ነበር፦

- በአስፐርጊለስ ሻጋታ፦ ቢምሲ
- በፊሽን እርሾ፦ ከት7
- በዳቦ እርሾ፦ ሲን8 እና ኪፕ1
- በእንቁራሪት፦ ኢጂ5
- በፍራፍሬ ዝንብ፦ ኬኤልፒ61ኤፍ

እነዚህ ሁሉ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ህዋስ ሲከፈል ክሮሞሶሞችን ለሁለት የሚለየውን አካል ዋልታዎች በመግፋት ያራርቃሉ። ይህ አካል መሐሉ ሰፋ፣ ጫፎቹ ሾጠጥ ያሉ በመሆኑ በጨንቻና በዶርዜ ጥጥ በሚፈተልበት መሣሪያ ስም «እንዝርት» ይባላል። ይሁን እንጂ ስሞቹን ብቻ የሚያይ አንባቢ ዝምድናቸውን ማወቅ አይችልም ነበር።

የ2004ቱ ደንብ

ደንቡን ካሮሊን ሎረንስን ጨምሮ ከ20 በላይ ተመራማሪዎች በጋራ አቀረቡት። ዋና ዋና ነጥቦቹ እነዚህ ናቸው፦

1. የቤተሰቡ ስም «ኪኔሲን» ሆኖ ቁጥር ይከተለዋል።
2. ምደባው የሚመሠረተው በፕሮቲኑ የሞተር ክፍል ቅደም ተከተል ላይ ተሠርቶ በሚገኝ የዘር ሐረግ ላይ ነው።
3. በቤተሰብ ውስጥ ንዑስ ክፍል ሲኖር ፊደል ይጨመራል፤ ለምሳሌ ኪኔሲን-14ኤ እና ኪኔሲን-14ቢ።
4. በየፍጥረቱ የተሰጡት የጂን ስሞች አይሻሩም፤ የቤተሰቡ ስም አብሯቸው ይጠቀሳል።

ቁጥሮች የማይገጥሙበት ሁኔታ

የሰው ጂኖችን ስም የሚያጸድቀው የሰው ጂኖች ስያሜ ኮሚቴ ለኪኔሲን ጂኖች «ኪፍ» የሚል ምልክት ከቁጥር ጋር ይሰጣል። በሰው ዘንድ 45 ያህል እንዲህ ያሉ ጂኖች አሉ። ነገር ግን የኪፍ ቁጥር ከቤተሰቡ ቁጥር ጋር አንድ አይደለም። ኪፍ5 የኪኔሲን-1 ቤተሰብ ነው፤ በሰው የኪኔሲን-5 አባል የሆነው ደግሞ ኪፍ11 ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የኪፍ5ኤ ጉድለት በዘር የሚተላለፍ የእግር መገተርና ድክመት ያመጣል። ኪፍ11 ግን በህዋስ ክፍፍል ውስጥ የሚሠራ በመሆኑ ለካንሰር መድኃኒት ፍለጋ ዒላማ ሆኗል። ሁለቱን ያምታታ ሰው የነርቭ በሽታን ጥናት ከካንሰር ጥናት ጋር ያደባልቃል።

ኮምፒውተርም የራሱን ስሕተት ይጨምራል። ማይክሮሶፍት ኤክሴል «ሴፕት2» የመሰሉ የጂን ምልክቶችን እንደ መስከረም ወር ቀን ቆጥሮ ይለውጣቸው ነበር። በዚህ ምክንያት ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ የእነዚህን ጂኖች ምልክት መቀየሩን አስታወቀ። ኮሚቴው ለእያንዳንዱ ጂን የማይቀየር መለያ ቁጥርም ይሰጣል፤ ስለዚህ መረጃ በሚያዝበት ጊዜ ከስሙ ጋር ይህን ቁጥር መመዝገብ ይመከራል።

በኢትዮጵያ ያለው ፋይዳ

ወባ በአርባ ምንጭና በአባያና ጫሞ ሐይቆች ዙሪያ ባሉ ቆላማ ቦታዎች የቆየ የጤና ችግር ነው። የወባ ተውሳክም የራሱ ኪኔሲኖች አሉት፤ በአይጥ ወባ ተውሳክ ላይ ዘጠኝ ተለይተዋል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የኪኔሲን-8ቢ ጂን ሲጠፋ የተውሳኩ ወንዴ ህዋስ ጭራ መሥራት ስለማይችል በትንኝ ውስጥ መራባት ይቆማል። «8» የሚለው ቁጥር ይህ ፕሮቲን ከሰው ኪፍ18 እና ኪፍ19 ጋር እንደሚዛመድ ወዲያው ያሳውቃል። ተውሳኩን እየጎዳ ሰውን የማይጎዳ መድኃኒት ለሚፈልግ ተመራማሪ ይህ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው።

በጤፍም ተቀራራቢ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 «ቀኜ» ስለተባለ አጭርና የማይጋሸብ የጤፍ መስመር ጥናት ታተመ። ጥናቱ ባሕርይውን ማይክሮቱቡል ከሚሠራበት ፕሮቲን፣ ማለትም ከአልፋ ቱቡሊን ጂን ለውጥ ጋር አያይዞታል። «ቀኜ» የሚለው ስም መስመሩን ይለያል፤ «አልፋ ቱቡሊን» የሚለው ደግሞ ግኝቱን ከሩዝና ከሌሎች ሰብሎች ጥናት ጋር ያገናኛል። ሁለቱም ስሞች ያስፈልጋሉ።

ተመሳሳይ ደንቦች

ለሳይቶፕላዝም ዳይኒኖች እ.ኤ.አ. በ2005፣ ለዳይኒኖች በአጠቃላይ ደግሞ በ2022 የጋራ ስያሜ ወጥቷል። የማዮሲን ክፍሎች በአብዛኛው በሮማውያን ቁጥር ይጻፋሉ።