«እኚህ» ወይስ «እነዚህ»?

በናይሮቢ ከተማ፣ ኪሌሌሽዋ በሚባለው ሠፈር ተቀምጦ አማርኛ የሚማር የመንግሥት ሹም ሌሎች ቋንቋዎችን አስቀድሞ ያወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት ስዋሂሊና እንግሊዝኛ የመንግሥት ቋንቋዎች ናቸው፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ፈረንሳይኛ በምርጫ ይሰጣል። እንዲህ ያለው ተማሪ «ይህ» የአንድ፣ «እነዚህ» የብዙ መሆኑን በአንድ ቀን ያጠናዋል። ችግሩ የሚመጣው «እኚህ» የሚለውን ቃል ባገኘ ዕለት ነው።

የስዋሂሊ ተናጋሪ ስለ አንድ ሽማግሌ «ምዜ ሁዩ»፣ ስለ ብዙ ሽማግሎች «ዋዜ ሃዋ» ይላል። «ምዜ» የሚለው ስም ራሱ ክብርን ስለሚሰጥ በአመልካቹ ቃል ላይ ሌላ አክብሮት አይጨመርም። ሹሙ ይህንኑ ቃል በቃል ወደ አማርኛ መልሶ ከፊቱ የቆሙትን አዛውንት «ይህ ሽማግሌ» ያለ እንደ ሆነ ግን፣ በቅን ልቡና የተናገረው እንደ ንቀት ይቈጠርበታል። «እኚህ ሽማግሌ» ማለት ይገባዋል። ለሴትም «እኚህ እናት» ይባላል።

ፈረንሳይኛ በዚህ ረገድ ለዘብ ያለ ነው። ለአንድ ነገር «ሴ»፣ ለብዙ ነገር «ስ ሶን» ማለት የሰዋስው ደንብ ሆኖ ሳለ፣ ደራሲዎቹም ሁለቱን ሲያቀላቅሉ በመገኘታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1901 የወጣው የትምህርት ሚኒስትሩ ትእዛዝ በብዙ ቍጥር ፊት «ሴ» ብሎ የጻፈ ተፈታኝ እንዳይቀጣ ፈቀደ። ስሙ የሚከተል ስለ ሆነ የነገሩ ቍጥር አይጠፋም።

በአማርኛ ግን እንዲህ ያለው ምሕረት ጕዳት ያመጣል። አንድ የተከበሩ ሰው ሲመጡ «መጡ» እንላለን፤ ዐሥር ሰዎች ሲመጡም ያው «መጡ» ነው። «ጡረታቸው» የሚለውም ቃል የአንድ አዛውንት ወይም የብዙዎች ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ጸሐፊው «እኚህ ጡረታቸውን አልተቀበሉም» በማለት ፈንታ «እነዚህ ጡረታቸውን አልተቀበሉም» ብሎ ቢጽፍ፣ የአንዲት ባልቴት አቤቱታ የብዙ ሰዎች ጉዳይ መስሎ ወደ ሌላ ክፍል ሊመራ ይችላል። ግሡም ሆነ ባለቤትነትን የሚያመለክተው ቅጥያ አያርመውም፤ ቍጥሩን የያዘው ያ አንድ አመልካች ቃል ብቻ ነው።

በቆዩ መጻሕፍት «እኒህ» የሚለው ቃል ለአንድ ክቡር ሰውም፣ ለብዙዎችም ሲነገር ይገኛል። ለንባብ ያማረ ነው፤ ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግን አንመክረውም።

ለራቀውም አነጋገሩ ይኸው ነው፤ «ያ» እና «ያች» ለአንድ፣ «እኚያ» ለአንድ ክቡር ሰው፣ «እነዚያ» ለብዙ። «ይህ ሁሉ ሕዝብ» ሲባል ግን፣ ሕዝቡ የቱን ያህል ቢበዛ፣ «ይህ» በአንድ ቍጥር ይቀራል።