የቦረና እመቤት፤ ቤት ሠሪና ቤት አሳማሪ

በከተማ አንድ ሰው ቤት አሠርቶ ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ፣ መጋረጃው ምን ዓይነት ይሁን፣ ወንበሩ በየት በኩል ይቀመጥ፣ መብራቱስ ከየት ይንጠልጠል እያለ የሚያማክረው ባለሙያ አለ። ይኸው ባለሙያ «ኢንቴሪየር ዲዛይነር» ይባላል። ሙያው ለአገራችን እንግዳ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን እንዲህ የሚለውን ሰው ወደ ነገሌ ቦረና ይዘነው ብንወርድ ሐሳቡን ይለውጣል ብለን እናምናለን።

ነገሌ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በክብረ መንግሥት በኩል አልፈው የሚደርሱባት ከተማ ናት። የቆርቆሮው ክዳን ከከተማው ጋር ያበቃና፣ ወጣ ሲሉ በሜዳው ላይ እንደ ተደፋ ቅርጫት ክብ ክብ ሆነው የተቀመጡ የሣር ጎጆዎች ይታያሉ። እነዚህን ጎጆዎች አናጢ አልሠራቸውም፤ የወንድ እጅም እምብዛም አልነካቸው። በቦረና ዘንድ ቤት መሥራት የሴት ሙያ ነው። ባል ከብቱን ይጠብቃል፣ ከጥልቁ የውሃ ጕድጓድ ከጓደኞቹ ጋር እየተቀባበለ ውሃ ያወጣል፣ በጉባኤ ይቀመጣል። በኦሮምኛ ሚስት «ሃዳ መና» ትባላለች፤ ትርጓሜው የቤት እናት ማለት ነው። ባል ደግሞ እኛም በአማርኛ እንደ ወረስነው «አባ ወራ» ነው፤ የቤተ ሰቡ አባት እንጂ የቤቱ አባት አልተባለም። በስሙ ውስጥ የሥራው ክፍፍል አለ።

ሥራው የሚጀመረው ሳይሰበር የሚጎብጥ እንጨት በመምረጥ ነው። እንጨቶቹ ዙሪያውን ከመሬት ይተከሉና ወደ ላይ እየጎበጡ በልጥ ይታሰራሉ፤ በላዩ ማገሩ ይዞራል፣ ከዚያም ሣር ይለብሳል። ጎረቤት ሴቶች ይረዳዳሉ፤ ዛሬ ለአንዷ የሠሩ ነገ ለሌላዋ ይሠራሉ። መሐንዲስ በወረቀት የሚስለውን ይህች ሴት በክንዷና በእርምጃዋ ትለካዋለች።

ትልቁ ጥበብ ግን በውስጥ ነው። ከደጅ የገባ ሰው ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ትንሽ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ጎጆዋ አንድ ክፍል ብቻ አለመሆንዋን ያስተውላል። ፊተኛው ወገን የምድጃና የእንግዳ ነው፤ ገና ያልጠነከሩ ጥጆችም በቤት ውስጥ ማደሪያ ያገኛሉ። ኋለኛው ወገን የመኝታ ነው፤ አልጋው በእንጨት ርብራብ ላይ ቁርበት የተነጠፈበት ነው። የወተት ዕቃውም አቧራና የልጅ እጅ የማይደርስበት የራሱ ስፍራ አለው። ቦታ በከንቱ የቀረ የለም። በከተማ ሳሎን ውስጥ ማንም የማይቀመጥበት ሶፋ ገዝተን በመካከሉ ተጣበን የምናልፍ ሰዎች፣ ከዚህ ብንማር ባላፈርን ነበር።

ስለ ወተት ዕቃው ጥቂት እንበል። ከሁሉ የሚደነቀው «ጎርፋ» የሚባለው ከሥር ጭረት የተሰፋ ዕቃ ነው። ሴቲቱ ጭረቱን እያጠበቀች ስትሰፋው ወተት የማያፈስ ይሆናል፤ ሥራውም ትዕግሥት የሚጠይቅ ረዥም ሥራ ነው። ዕቃው ካለቀ በኋላ ዕለታዊው ተግባር ይቀጥላል፤ ይኸውም ማጠን ነው። የሚጨስ እንጨት ከዕቃው ውስጥ ተጨምሮ ይነቀነቃል፣ ጢሱ ውስጡን ያለብሰዋል። የደጋ እመቤት እንስራዋንና ቅሏን በወይራ እንደምታጥን ማለት ነው። ጢሱ ወተቱን ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል፣ መልካም ጣዕምም ይሰጠዋል። ስለዚህ የቦረና ቤት ውበት በዓይን ብቻ ሳይሆን በአፍንጫም የሚታወቅ ነው።

ከነገሌ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዶሎ በኩል ሲወርዱ ደግሞ የሶማሌ ሴቶች «አቃል» የሚሉት ቤት ይገኛል። ይህ በሰሌን የሚሸፈን፣ ፈርሶ በግመል ተጭኖ የሚሄድ ቤት ነው። ሰሌኑን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ለሠርግም የሙሽራይቱ እናትና ዘመዶቿ ይደክሙበታል። ላቤል ፕሩሲን የተባሉት የኪነ ሕንፃ ታሪክ አዋቂ በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በአፍሪካ ዘላኖች ዘንድ የኪነ ሕንፃው ባለቤት ሴቲቱ መሆንዋን በሰፊው ገልጸዋል። በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1950 ዓ.ም. ነው፤ እነዚህ ሴቶች ግን ትምህርት ቤታቸው የእናታቸው ጎጆ ነበር።

ታዲያ ይህ ሙያ ዛሬ በምን ላይ ነው ያለው? አንደኛ፣ ሣሩ። የቦረና ሰው ዱሮ አሮጌውን ሣር በእሳት እያቃጠለ ቁጥቋጦውን ይቆጣጠር ነበር። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መገባደጃ አካባቢ እሳቱ ከተከለከለ ወዲህ ቁጥቋጦው ብዙውን ግጦሽ ዋጠው። በነገሌ አጠገብ ያለው የሊበን ሜዳ እንኳ በእርሻና በቁጥቋጦ እየጠበበ ሄዶ፣ በዚያ የምትገኘው የሊበን ሎርክ የተባለች ወፍ ከመጥፋት አፋፍ ደርሳለች። ወፊቱ ጎጆ የምትሠራበት ሣርና ሴቲቱ ጎጆዋን የምትከድንበት ሣር የበቀለው ከአንድ ሜዳ ነው።

ሁለተኛ፣ ከብቱ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅት ሳይሠምር ቀረ። ቦረናዎች ከመጋቢት ጀምሮ የሚጠብቁት ዝናብ «ገና» ይባላል፤ ከእኛ የልደት በዓል ጋር የሚያገናኘው የለም። በዚያ ድርቅ የከብት መንጋ አለቀ፤ ብዙ ቤተ ሰብም ከግጦሹ ምድር ተነቅሎ በመጠለያ ሰፈረ። ላም ከሌለ ቁርበት የለም፣ ወተት የለም፤ ጎርፋውም ባዶውን ይሰቀላል። ከእርዳታ በተገኘ ሸራ የተሸፈነ ጎጆ ውስጥ ለእንግዳ የሚሆን ወገን ለመለየት ስፍራው አይበቃም።

ሦስተኛው ጄሪካን ነው። ከገበያ በትንሽ ገንዘብ ይገዛል፣ አይሰበርም፣ ለመሸከምም ይመቻል። ወደ ነገሌ ወይም ወደ ያቤሎ ወተት ይዛ ለምትመጣ ሴት ትልቅ ረዳት መሆኑን አንክድም፤ ወራት የሚፈጅ ስፌት ስፊ ብሎ የሚፈርድባት ሰው ራሱ አንድ ቀን ሰፍቶ ይሞክር። ነገር ግን የጄሪካን አፍ ጠባብ ነው፤ እጅ ገብቶ አያጥበውም። ለማጠንም ፍም ቢጨምሩበት ይቀልጣል።