በደጋ የራዲያተር ክዳን ለምን አይቸኮልበትም?

አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ውሃም 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል። ይህን ቁጥር ጄኔሬተር የሚያንቀሳቅስ፣ ሎደር ወይም ትራክተር የሚነዳ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። የናፍጣ ሞተር ምንም ሳይታመም ሲሠራ የማቀዝቀዣው ውሃ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ይሞቃልና። እናም ደጋ ላይ የሙቀት መለኪያው ቀስት መሃል ላይ ቆሞ እያለ እንኳ፣ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ የአካባቢውን የመፍያ ልክ አልፎ ሊሆን ይችላል። እንዳይፈላ የያዘው ክዳኑ ብቻ ነው።

የራዲያተር ክዳን በስፕሪንግ ግፊት የሚይዝ ቫልቭ ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ክዳን አዲስ አበባ ላይ የመፍያውን ልክ ወደ 115 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ክዳኑ ሲፈታ ልኩ ወዲያው ወደ 92 ይወርዳል፤ 95 ዲግሪ ላይ የነበረው ውሃም ትርፍ ሙቀቱን በእንፋሎት ያስወጣል። ሒሳቡን ብንሠራው ከ10 ሊትር ውሃ በእነዚህ 3 ዲግሪዎች ምክንያት ወደ እንፋሎት የሚለወጠው 55 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ያ 55 ግራም ግን በደጋ አየር ከ100 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። ቦታውን የሚያገኘው ከላዩ ያለውን ትኩስ ውሃ በጠባቡ አፍ ገፍቶ በማስወጣት ነው፤ ከአፉ በላይ ደግሞ ያጎነበሰ ሰው ፊት አለ። 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ እንኳ በጥቂት ሴኮንዶች ቆዳን በጥልቀት ያቃጥላል።

ልምድ ያላቸው ሹፌሮች ጨርቅ ጣል አድርጎ በቀስታ ማላላት ይበቃል ይላሉ። በቀስታ ማላላት በእርግጥ በድንገት ከመክፈት ይሻላል፤ ነገር ግን ውሃውን የሚያፈላው የግፊቱ መቀነስ ራሱ ስለሆነ አደጋውን አያስቀርም፤ የራሰ ጨርቅም ትኩሱን ውሃ እጅ ላይ ይዞ ይቆያል። አምስት ደቂቃ መጠበቅም አያስተማምንም። ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑና ማራገቢያው አብረው ስለሚቆሙ የብረቱ ሙቀት ወደ ረጋው ውሃ ይገባል፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውሃው እንዲያውም ይብስ ሊሞቅ ይችላል። ኩላንት የሚባለው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ከንጹህ ውሃ የተሻለ ነው፤ ከውሃ ጋር እኩል በእኩል ሲቀላቀል የመፍያውን ልክ 7 ወይም 8 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርጋል፣ የሲሊንደሩንም ግድግዳ ከመበላት ይጠብቃል። ቢሆንም ዳገት ላይ ጭነት የከበደበት ሞተር ይህን ልዩነት በቀላሉ ይጨርሰዋል።

ሥራ አይጠብቅም የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው፤ የቀን ገቢው በማሽኑ የሚወሰን ሰው ዝም ብሎ አይቆምም። መልሱ ፍተሻውን ወደ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ወደሚደረግበት ሰዓት ማዛወር ነው። ይህ ጊዜ ሳያባክን ትክክለኛውን ልክም ያሳያል፤ ውሃው ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ግን እውነተኛ መጠኑ ይታያል። መጠባበቂያ ጋን ያለው ማሽን ክዳን መክፈት እንኳ አያስፈልገውም። በዚሁ የጠዋት ፍተሻ የሞተሩ ዘይትም ይታያል፤ ሌሊቱን ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ማሽኑ ሜዳ ላይ ከቆመ፣ መለኪያ ዘንጉ የሚያሳየው ልክ ይታመናል። ከላይኛው ምልክት አሳልፎ መሙላት ግን ጥቅም የለውም፤ በሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ዘንግ (ክራንክ ሻፍት) ዘይቱን ይመታውና አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ብረት ከብረት እንዳይፋተግ አይከላከልም።

ውሃው በሥራ መሃል ከጎደለ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ራዲያተሩ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ መቆየት ግድ ነው። በጋለ ሞተር ላይ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ሊሰነጥቀው ይችላል፤ የዚያ ጥገና ደግሞ ከጠፋው ሰዓት እጅግ ይበልጣል። ማቀዝቀዣው ዝግ ዑደት ስለሆነ በየቀኑ ውሃ የሚጠይቅ ሞተር የሚያፈስበት ቦታ አለው፤ ያ ቦታ መገኘት አለበት። ውጭ ምንም ካልታየና ዘይቱ እንደ ማኪያቶ ነጣ ብሎ ከወጣ፣ ውሃው ወደ ዘይቱ እየገባ ነውና ሜካኒክ ሳያየው ሞተሩ አይነሳም።