«ሚቲጌት»፦ የአንድ የእንግሊዝኛ ግስ ምንጭ፣ ትርጉምና የተርጓሚው ኃላፊነት



የዛሬው ገለጻዬ የሚያተኩረው «ሚቲጌት» በሚባል የእንግሊዝኛ ግስ ላይ ነው። ለአንድ ግስ ይህን ያህል ጊዜ መስጠት የበዛ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ግሱ እዚሁ ክልላችን፣ በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ የተገነባውን ታላቁን የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በሚመለከት ሰነድ ውስጥ የሰፈረ በመሆኑ፣ ትርጉሙን አጥርተን ልናውቅ ይገባል።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። «ሚቲስ» ለስላሳ ወይም ገር ማለት ሲሆን፣ «አጌሬ» ደግሞ ማድረግ ማለት ነው። ሮማውያን «ሚቲስ»ን ለሰው ጠባይ ብቻ ሳይሆን ለበሰለ ፍሬም ይጠቀሙበት ነበር። የአሶሳን ማንጎ የቀመሰ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጥሬው ጠንካራና ጎምዛዛ ነው፤ ሲበስል ይለሰልሳል፣ ጎምዛዛነቱም ይለዝባል፤ ፍሬው ግን ፍሬነቱን አይለቅም። የግሱም ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ የነገሩ ክፋት ወይም ብርታት ይለዝባል እንጂ ነገሩ ፈጽሞ አይጠፋም።

ይህን ግስ «ሚሊቴት» ከሚለው ጋር ማደባለቅ በተማሪዎች ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በእንግሊዝኛ አፋቸውን በፈቱ ሰዎች ዘንድም የተለመደ ስሕተት ነው። «ሚሊቴት» ወታደር ከሚለው የላቲን ቃል የተገኘ ሲሆን፣ አንድን ነገር መጋፋት ወይም እንቅፋት መሆን ማለት ነው። አንዱ ያለዝባል፤ ሌላው ይጋፋል።

አማርኛችን ማነስን የሚገልጸው በአንድ ግስ አይደለም። ወንዝ ይጎድላል፤ ዋጋ ይቀንሳል፤ ቁጣ ይበርዳል፤ ውጥረት ይረግባል፤ ሸክም ይቀልላል። የሕግ ቋንቋችን ከእነዚህ መካከል የሸክሙን መርጧል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ቅጣትን ስለሚያቀልሉና ስለሚያከብዱ ምክንያቶች ይደነግጋል። ላቲኑ በልስላሴ ያሰበውን እኛ በክብደት አሰብነው ማለት ነው። በአየር ንብረት ሳይንስ ደግሞ ቃሉ የሙቀት አማቂ ጋዞችን ልቀት መቀነስን ያመለክታል። ስለዚህ ተርጓሚው ቃሉን ከነመስኩ ማየት አለበት።

አሁን ወደ ግድቡ ልመለስ። ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና ግብፅ መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. በካርቱም የመርሆዎች መግለጫ ተፈራርመዋል። ሦስተኛው መርህ ጉልህ ጉዳት ስላለማድረስ ይናገራል። በእንግሊዝኛው ቅጂ፣ ጉዳት ቢደርስ ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች በሁለት ግሶች ተገልጸዋል፤ አንደኛው ጉዳቱን ማስወገድ፣ ሁለተኛው ደግሞ «ሚቲጌት» ማድረግ። በመካከላቸው «ወይም» አለ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በ1989 ዓ.ም. ያጸደቀው የዓለም አቀፍ የውኃ መስመሮች ስምምነትም በሰባተኛው አንቀጹ ሁለቱን ግሶች እንዲሁ አጣምሯቸዋል።

ሁለተኛውንም «ማስወገድ» ብለን ብንተረጉመው «ወይም» የሚለው ቃል ትርጉም ያጣል፤ ሊለዝብ የሚችለው ጉዳት ሁሉ የግድ መወገድ ያለበት ይመስላል። «ማቃለል» ብንለው ሌላ አደጋ ይመጣል። «ችግርን አቃለለ» ምስጋና ነው፤ «ሰውን አቃለለ» ግን ንቀት ነው። «ጉዳቱን ማቃለል» ጉዳቱን እንደ ቀላል መቁጠር ተብሎ ሊነበብ ይችላል። በእኔ አስተያየት «የጉዳቱን ክብደት መቀነስ» የሚለው ሐረግ ቢረዝምም ይታመናል።

እኔ ራሴ በወጣትነቴ አንድ ሰነድ ስተረጉም ይህንኑ ግስ «ማስወገድ» ብዬው ነበር። ረቂቁን ያዩልኝ አንጋፋ ባልደረባዬ ቀይ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው፣ «ያልገባነውን ቃል አስገባኸን» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማነስን የሚያመለክት ግስ ባጋጠመኝ ቁጥር፣ ምን ያህል እንደቀነሰና ምን እንደቀረ ሳልጠይቅ አላልፍም።

በዚህ አዳራሽ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች አላችሁ። ነገ በፍርድ ቤት ወይም በጤና ጣቢያ አስተርጓሚ የምትሆኑት እናንተ ናችሁ። ሕመም ሲታገሥና ሕመም ሲድን፣ ቅጣት ሲቀልልና ቅጣት ሲቀር በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ በየትኞቹ ግሶች እንደሚለዩ ከወላጆቻችሁ ጠይቃችሁ መዝግቡ። በልዩነቱ ውስጥ የሰው መብት አለ።