የመርከብ መረብ ጠባቂ

ለግራና ገበሬ የሚታደለው ማዳበሪያ ባሕር አቋርጦ፣ ጅቡቲ ወደብ ተራግፎ፣ በጭነት መኪና ተጉዞ ነው ሀብሩ ወረዳ የሚደርሰው። ስለ መርከብ ሲወራ ካፒቴኑና የሞተር ክፍሉ መሐንዲሶች ይነሳሉ። ብዙም የማይነሳው ኤሌክትሮ ቴክኒካል መኮንኑ ነው። ራዳሩ፣ የሳተላይት ግንኙነቱ፣ የመርከቧ ኮምፒዩተሮችና የሚያገናኛቸው መረብ በእሱ እጅ ናቸው። ይህን ሙያ ለወሎ ወጣቶች ማስተዋወቅ የፈለግሁት ትምህርቱ እዚሁ ክልላችን ውስጥ ስለሚሰጥ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የማሪታይም አካዳሚ በሜካኒካልና በኤሌክትሪካል ምህንድስና የተመረቁትን ተቀብሎ ለመርከብ መሐንዲስነትና ለኤሌክትሮ ቴክኒካል መኮንንነት ያሠለጥናል።

ሙያው የራሱ የሆነ ዓለም አቀፍ የብቃት ምስክር ወረቀት ያገኘው በቅርቡ ነው። የባሕርተኞችን ሥልጠና የሚገዛው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 ማኒላ ላይ ተሻሽሎ፣ ማሻሻያው ከ2012 መጀመሪያ ጀምሮ ጸና። ቀድሞ በሞርስ መልእክት የሚለዋወጥ የሬዲዮ መኮንን ነበር። በ1999 የሳተላይትና የዲጂታል ሬዲዮ የአደጋ ጥሪ ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ሲተካው ያ ሥራ ከሰመ። መርከቦች ግን በኮምፒዩተር እየተሞሉ ሄዱ፤ የወረቀት ካርታው ሳይቀር ስክሪን ላይ ወጣ።

ችግሩም አብሮ መጣ። በ2013 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በባለቤቱ ፈቃድ፣ ሐሰተኛ የጂፒኤስ ምልክት እየላኩ አንዲት የመዝናኛ መርከብ ሠራተኞቿ ሳያውቁ አቅጣጫዋን እንድትስት አደረጓት። መሣሪያው ሁሉ ደህና ነው ይል ነበር። በሰኔ 2017 ደግሞ ጥቁር ባሕር ላይ 20 ያህል መርከቦች ጂፒኤሳቸው የብስ ላይ፣ አየር ማረፊያ ውስጥ እንዳሉ ነገራቸው። በዚያው ወር ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ሶፍትዌር የማርስክ የመርከብ ኩባንያን ኮምፒዩተሮች መትቶ በርካታ ወደቦች ላይ ሥራ አስቆመ፤ ኩባንያው ኪሳራውን ከ200 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገመተው።

ግንኙነት ሲቋረጥ ምን እንደሚመስል ለወልድያና ለመርሳ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የሰሜኑ ጦርነት አካባቢውን በያዘበት ጊዜ ስልክ ጠፍቶ፣ የልጁን በሕይወት መኖር ሳያውቅ የከረመ ወላጅ ብዙ ነው። ውቅያኖስ መሐል ያለ መርከበኛ ደግሞ ጎረቤትም መንገድም የለውም፤ የአደጋ ጥሪው ካልተሰማ የሚደርስለት አይኖርም።

የዚህ ዓይነቱ የሳይበር ስጋት ሕግ አውጪዎችንም አነቃቸው። የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ2017 ባሳለፈው ውሳኔ፣ የመርከብ ኩባንያዎች ከ2021 ጀምሮ የሳይበር አደጋን በደህንነት አስተዳደር ሥርዓታቸው ውስጥ እንዲያካትቱ አሳሰበ። የውቅያኖስ ምርምር መርከቦች ጉዳይ ግን ለብቻው መታየት አለበት። በእነዚህ ላይ በየጉዞው አዲስ የተመራማሪ ቡድን የራሱን ላፕቶፕና መሣሪያ ይዞ ይሳፈራል፤ መረጃውንም በጠባብ የሳተላይት መስመር ወደ የብስ መላክ ይፈልጋል። እንግዳ የሚበዛበት ቤት በር መዝጋት ይከብደዋል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያንቀሳቅሷቸው የምርምር መርከቦች የሳይበር ደህንነትና የግንኙነት አቅም በሕግ እንዲሻሻል የታሰበውም ለዚህ ነው።

እኛ የምርምር መርከብ ባይኖረንም የንግድ መርከቦች አሉን፤ መቀሌ፣ ጅግጅጋ፣ ጋምቤላ እየተባሉ በከተሞቻችን ስም የተጠሩ። ሕጎቻችን ግን የየብሱን ለየብስ፣ የባሕሩን ለባሕር ይዘው ተለያይተዋል። የማሪታይም ዘርፍ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 549/1999 (እ.ኤ.አ. 2007) ከዓለም አቀፉ ውሳኔ 10 ዓመት ቀድሞ የወጣ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (እ.ኤ.አ. 2016) ጥፋተኛን ይቀጣል፤ ቅጣት ግን ጥቃቱ ከደረሰ በኋላ የሚመጣ ነው። በእኔ እምነት የመርከብን መረብ ማን እንደሚፈትሽ፣ በየስንት ጊዜው፣ ጥቃት ሲደርስ ለማን እንደሚነገር በግልጽ የሚደነግግ መመሪያ ያስፈልገናል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርና የማሪታይም ባለሥልጣኑ አብረው ሊያዘጋጁት ይገባል።

መርከቦችን የሚመድቡ ዓለም አቀፍ ማኅበራት መረቡ ከግንባታው ጀምሮ የተጠበቀ እንዲሆን ያስገደዱት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ወዲህ ውል ለተፈረመባቸው አዳዲስ መርከቦች ነው። ቻይና ውስጥ ተሠርተው እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የተረከብናቸው መርከቦች በዚህ አይሸፈኑም። የእነሱን መረብ ከፋፍሎ መለየት፣ የይለፍ ቃል መቀየር፣ ፍላሽ ዲስክ እንዳይሰካ መከልከል በኤሌክትሮ ቴክኒካል መኮንኑ ትከሻ ላይ ነው።